ከነአንባቢው የተሸጠ መጽሐፍ

ኸዋጃ ስታማቲ ታሪክ ሲጀምሩ እንጂ ሲጨርሱ ያየ ሰው የለም።

ካርቱም ተወልደው ካርቱም ያረጁ ግሪክ ናቸው። ኸዋጃ የሚላቸው ሰፈሩ ነው፤ ሱዳን ፈረንጅን ሁሉ እንዲያ ይላል። በጉብዝናቸው ግሮሰሪ ነበራቸው። ግሮሰሪው ከተዘጋ፣ ሚስታቸውም ካረፉ በኋላ የቀራቸው ቡሪ ሰፈር ውስጥ ያለ አሮጌ ቤትና አንድ ግድግዳ ሙሉ መጽሐፍ ነው፤ የጥንት ግሪኮችና የጥንት ሮማውያን የጻፉት። ዓይናቸው ግን ከደከመ ቆይቷል። መጽሐፎቹን የሚያውቋቸው አሁን በዳሰሳ ነው።

አቧራውን የምትጠርገው ምንዳዬ ናት። የወሎዋ መርሳ ልጅ ናት፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ነው ወደ ካርቱም የመጣችው። በየጠዋቱ አንድ ረድፍ ታወርድና ትወለውላለች፤ ከዚያም ብል እንዳይበላቸው በየመጽሐፉ ውስጥ ከግቢው ዛፍ የቀጠፈችውን የኒም ቅጠል ታስገባለች። ይህን ያስተማሯት ኸዋጃ ናቸው።

«ሰማያዊ ጀርባ ያላትን አወረድሻት?» ይላሉ ከወንበራቸው።

«እጄ ላይ ናት።»

«እሷ የባሕር ናት። ሰዎቹ መርከብ ላይ ሆነው ደሴት ያያሉ። ውሃ አልቆባቸዋል። ደሴቱ ላይ ሰው የለም ብለው ሲቀርቡ ጭስ ያያሉ።»

«ማን ነው ያነደደው?»

ኸዋጃ ተኝተዋል።

ሌላ ሠራተኛ ብትሆን ጭሱን ትታ ሳህኑን ታጥብ ነበር። ምንዳዬ ሳህኑን እያጠበች ስለ ጭሱ ታስባለች። አንድ ቀን ስለ አንድ ብልጥ ሚስት ጀመሩላትና ሚስቲቱ በር ስትከፍት ተኙ። ሌላ ቀን ንጉሡ ጽዋውን አንስቶ፣ ጽዋው ውስጥ መርዝ እንዳለ ሁሉም ሰው እያወቀ፣ ኸዋጃ አንኮራፉ። በስተመጨረሻ አላስቻላትም።

«ኸዋጃ፣ ንጉሡ ጠጣው ወይስ አልጠጣውም?»

«አንብቢው።»

«ግሪክኛ በየት አውቄ?»

«በአረብኛ ተተርጉሟል። ሱቅ አረቢ ገበያ ሂጂና ፈልጊ። ግን በተራ ነው የሚነበበው። መጀመሪያ የሚያስቀውን። ከዚያ የባሕሩን። ከዚያ የለቅሶውን ተውኔት። ጦርነቱን መጨረሻ ላይ አድርጊው፤ በጦርነት የጀመረ ወጣት ሁሉ መርከብ ሲቆጥር እዚያው ይቀራል።»

«ሮማውያኑስ?»

ኸዋጃ ፊታቸውን ትንሽ አጨማደዱ።

«ሮማውያን ከምሳ በኋላ።»

ምንዳዬ አረብኛ ትናገራለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። ይህን አልነገረቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቋትም።

ሱቅ አረቢ ውስጥ፣ ከአንድ የተዘጋ ሆቴል በረንዳ ሥር፣ አያሌው ሸራ ዘርግቶ አሮጌ መጽሐፍ ይሸጣል። አባቱ አቶ በየነ ከጎጃም መጥተው ካርቱም የከረሙ ሰው ነበሩ፤ እሱ የተወለደው እዚሁ ነው። አማርኛ ያስተማሩት አባቱ ብቻ ናቸው። ያስተማሩትም ሰው የሚከበርበትን አማርኛ ነው፤ «አንተ» እና «አንቺ» ለልጅ ቁጣና ለመንገድ ጠብ የተቀመጡ ይመስሉታል።

«ምን ልታዘዝ፣ እመቤቴ?»

ምንዳዬ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ማንም የለም።

«እኔን ነው?»

«እርስዎን።»

«እኔ እኮ ሃያ አራት ዓመቴ ነው።»

«ዕድሜ ይስጥዎት።»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። «የግሪኮች፣ የሚያስቅ፣ አለህ?»

አያሌው ቀና አለ። ሰው የሕልም ፍቺ ይጠይቀዋል፤ የኮምፒውተር መማሪያ፣ የስኳር በሽታ መድኃኒት ይጠይቀዋል። የግሪኮች የሚያስቅ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ከሸራው ጥግ የሚያስቀው፣ የባሕሩና የለቅሶው አንድ ላይ የተጠረዙበት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አውጥቶ፣ በክንዱ ጠርጎ፣ በሁለት እጁ ሰጣት።

ምንዳዬ ከግራ በኩል ገለጠችው።

«በዚያ በኩል መጨረሻው ነው» አላት። «በዚህ ነው የሚጀመረው።»

«ለኔ መጀመሪያው ይሄ ነው።»

«አማርኛ ቢሆን ነበራ።»

«እንግዲያው የኔ መጨረሻ ያንተ መጀመሪያ ነው።»

«ኢንሻላህ» አለ አያሌው። ለዚህ የሚሆን መልስ አለመሆኑ የገባው ከተናገረ በኋላ ነው። ፈጠን ብሎ «አረብኛ ያነባሉ?» ሲል ጠየቀ።

«አላነብም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልዎታል?»

ምንዳዬ መጽሐፉን እያገላበጠች ዓይኑን ሳታይ ጠየቀችው።

«ከነአንባቢው ስንት ነው?»

አያሌው ዋጋ ጠፋው። በዚያ በረንዳ ሥር ዋጋ ሲጠፋው የመጀመሪያው ነው። ሸራውን አየ፣ መንገዱን አየ፣ እሷን ግን አላየም።

«አንባቢው» አለ ቆይቶ፣ «ዓርብ ዓርብ ነው የሚገኘው።»

ዓርብ ገበያው ይዘጋል፤ ምንዳዬም እረፍቷ ነው። ዓባይ ዳር፣ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ዘንድ፣ ዝቅ ባሉ በርጩማዎች ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መጽሐፉ መሐላቸው ነው። እሷ የምታውቀው የኩሽና አረብኛ ስለሆነ የመጽሐፉ አረብኛ አይገባትም። እሱ መስመሩን በልቡ ያነብና በአባቱ አማርኛ ያወጣዋል።

«‹ጌታዬ ሆይ› ይላሉ አሽከሩ፣ ‹ጥበብዎ ቤቱን ስለሞላው እኔ የምተኛበት ሥፍራ ታጣ።›»

«አሽከር እንዲህ ነው የሚናገረው?»

«አክብረው ነዋ።»

«እያማው እኮ ነው!»

«አክብረው ነው የሚያሙት።»

ምንዳዬ ሻይዋን እስክትደፋ ሳቀች። አያሌው በመጽሐፉ ቀልድ የሳቀች መስሎት የግሪኮቹ ነገር ደስ አለው። ሁለተኛ ጊዜ ሲያነበው ግን ያን ያህል የሚያስቅ ሆኖ አላገኘውም።

የሚያስቀው አለቀ፤ የባሕሩን ጀመሩ። ደሴቱ ላይ ያነደደው ማን እንደሆነ ምንዳዬ አወቀች። ማክሰኞ ዕለት ለኸዋጃ ስትነግራቸው ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው ሰሟት፤ «እህ!» አሉ፣ ልክ አዲስ ወሬ እንደሰማ ሰው። ምንዳዬ ሊያስደስቷት መስሏት ነበር።

ጥቅምት ላይ የተጀመረው ንባብ ሚያዝያ ላይ የለቅሶው ተውኔት ጋ ደረሰ።

«እነዚህ ዳር የቆሙት ሰዎች ምንድን ናቸው?» ብላ ጠየቀችው።

«ማኅበርተኞች ናቸው። የሚሆነውን ሁሉ ቆመው ያያሉ። ያዝናሉ፤ ይመክራሉ።»

«ይረዳሉ?»

«አይረዱም።»

«በቃ፣ ጎረቤት ናቸው።»

የራሷ ማኅበርተኛ ጦይባ ናት። ሁለቱ ዴም ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተዋል፤ ሳምንቱን በየሠሩበት ቤት አድረው ዓርብ ዓርብ ይገናኛሉ። ጦይባም የወሎ ልጅ ናት፤ አፏ ግን የማንም አገር አይደለም።

«ዛሬስ ግሪኮቹ ምን ሆኑ?»

«አንዷ ወንድሟን ሳታውቀው ልትገድለው ነው።»

«ነግረሻት አትመጪም ነበር?»

«መጽሐፍ ነው እኮ፣ ጦይባ!»

«እሺ፣ ልጁስ?»

«ያነባል።»

«ሌላ ነገር አይሠራም?»

«ገጽ ይገልጣል።»

ጦይባ ራሷን በሐዘን ነቀነቀች። «ግንቦት ገባ እኮ» አለች። «ስንት ገጽ ነው ይሄ ነገር?»

ሳይነካት ገጽ የሚገልጥ እጅ እንዳለው፣ መስመር ሲጠፋው ወደ ውሃው እንደሚያይና ዓይኑ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ እንደሆነ፣ ያኔ ሁለቱም መጽሐፉን እንደሚያዩ፣ ይህን ለጦይባ በምን ቋንቋ ትነግራታለች?

ግንቦት እንደገባ ከአቴና ስልክ ተደወለ። የኸዋጃ የወንድም ልጅ ናት። ቤቱ ሊሸጥ ነው፤ አጎቷ ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር አይችሉም፤ አቴና ልትወስዳቸው ነው። የምትንከባከባቸው ሴት አብራቸው ብትመጣ ወረቀቱን ሁሉ እሷ ታስጨርሳለች። መልስ የምትፈልገው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው።

«ትመጫለሽ?» አሉ ኸዋጃ።

ምንዳዬ «ላስብበት» አለች። ይህን ዓርብ ጠዋት ለጦይባ ስትነግራት ጦይባ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«ሰው በሰሃራ በረሃ የሚቀርለትን፣ ባሕር ሰው የሚበላበትን መንገድ፣ አንቺ በአውሮፕላን? ቁርስ እየበላሽ? እና ‹ላስብበት› አልሽ?»

«አዎ።»

«ያ ልጅ ‹ቅሪ› ብሎሻል?»

«ገና አልነገርኩትም።»

«ስትነግሪው ገጽ ይገልጥልሻል» አለች ጦይባ።

ያን ዓርብ አየሩ ከጠዋት ጀምሮ ቢጫ ነበር። የመጽሐፉ የመጨረሻ ተውኔት ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ወንድሟ ሞቷል የተባለች ሴት ደጅ ቆማለች፤ ከሩቅ መልእክተኛ እየሮጠ ይመጣል። ሞተ የተባለውን ሰው ወሬ ይዟል።

«‹እመቤቴ ሆይ› አሉ መልእክተኛው፣ ‹የመጣሁበትን . . .›»

«አቴና ልሄድ ነው» አለች ምንዳዬ።

አያሌው ጣቱን መስመሩ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

ቀስ ብላ ነገረችው፤ ስለ ቤቱ መሸጥ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ሁለቱ ሳምንት። ሲሰማት ወንዙን እያየ ነበር። ከወንዙ ማዶ የነበረው ከተማ ጠፋ፤ ቀይ የአቧራ ግድግዳ ውሃውን ተሻግሮ መጣ። ሻይ ሻጯ ብርጭቆዎቿን ሰብስባ «ያላ! ያላ!» አለች።

«ዓይንሽን ጨፍኚ!» አያሌው ጮኸ፤ ነጠላዋን ስቦ ፊቷን ሸፈነላት። ከወንዙ ዳር ግንብ ሥር ተጠግተው ተቀመጡ። አሸዋው በላያቸው ያልፋል። ከነጠላው ውስጥ ድምፅ ወጣ።

«‹አንቺ› አልከኝ።»

«አቧራው ነው።»

ምንዳዬ የነጠላውን ጠርዝ ገለጥ አደረገች።

«ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለችው።

«‹ቅሪ› ብልሽ የእንጀራሽን በር ዘጋሁብሽ። ‹ሂጂ› ብልሽ ዋሸሁ።»

«ታዲያ ዝም ልትል ነው?»

«በወጉ ቢሆን ሽማግሌ ነበር የምልከው። አባቴ የሉም፤ ዘመድም የለኝም። የማውቃቸው ሽማግሌዎች ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ ናቸው።»

«እሱኑ ላከዋ» አለች፣ ለቀልድ።

አያሌው ግን አልቀለደም። መጽሐፉን ከደረቱ ሥር አውጥቶ አቧራውን አራገፈ።

«እሱኑ ልኬአለሁ። ሽማግሌ የላከ ሰው ደግሞ አብሮ አይሄድም፤ ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል። ይዘሽው ሂጂ። መጽሐፎቹ ውስጥ የምታደርጊው ቅጠል አለ አይደል? ከቀረሽ መጀመሪያው ላይ አድርጊልኝ፤ ልንጀምር ነው ማለት ነው። ዓርብ ዴም ድረስ መጥቼ፣ በጦይባ ፊት፣ በአፌ እጠይቅሻለሁ። ከሄድሽ ግን መጨረሻው ላይ አድርጊው። ያኔ ኸላስ፣ አለቀ። አልደውልም፤ አላስቸግርሽም።»

«መልእክተኛውስ? ምን ሊል ነበር የመጣው?»

«እሱም ይጠብቅ» አለ አያሌው።

ምንዳዬ ሦስት ቀን ሙሉ አቴናን አሰበችው። ንጹሕ መንገድ፣ ለእናቷ በየወሩ የሚላክ ገንዘብ፣ የመኖሪያ ፈቃድ እያሉ የማያስጨንቁበት አገር። ሁሉም ጥሩ ነው። ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኸዋጃ ስለ አንዲት ንግሥት ጀምረውላት፣ ንግሥቲቱ መርከቡ ሲርቅ ከግንቡ ላይ ቆማ እያየች ሳለ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ምንዳዬ መጥረጊያውን ይዛ ግድግዳው ፊት ቆመች። አቴና ይህ ሁሉ መጽሐፍ በሽ በሽ ነው። የሚያነብላት ሰው ግን ያለው ሱቅ አረቢ በረንዳ ሥር ነው።

የኒም ቅጠል ቀጠፈች። እጇ እንደ ልማዱ በግራ በኩል ያለውን ገጽ ገለጠ። ከዚያ ቆም አለች። ይህ የኔ መጀመሪያ ነው፤ የሚያነበው ግን እሱ ነው። ለሱ ይሄ መጨረሻው ነው። ደንግጣ ዘጋችው፤ አገላብጣ በቀኝ በኩል ከፈተችና ቅጠሉን በአረብኛው የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስተኛችው። ሁለት ጊዜ አረጋገጠች።

ጦይባ ለአሠሪዎቿ ዕቃ ልትገዛ ሱቅ አረቢ እንደምትሄድ ታውቃለች፤ በቡሪ በኩል ስታልፍ መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልላ ላከችባት።

«አደራ፣ እንዳትከፍቺው።»

«ለምኔ ብዬ?» አለች ጦይባ።

አያሌው ጦይባ እስክትርቅ ጠበቀ። ከዚያ መጽሐፉን ከቀኝ በኩል ገለጠው። ቅጠሉ መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ልቡ ከበረንዳው በላይ ዘለለ።

ሲያርፍ ግን ማሰብ ጀመረ። ይህን ያስቀመጠው የማን እጅ ነው? የሷ። እሷ መጽሐፍ በየት በኩል ነው የምትጀምረው? በግራ። ‹የኔ መጨረሻ ያንተ መጀመሪያ ነው› ያለችው እዚሁ ሸራ ፊት ቆማ አይደለም? ታዲያ ይሄ ገጽ ለሷ ምኗ ነው? በራሴ ዓይን ካነበብኩት ራሴን ማታለሌ ነው፤ በሷ ዓይን ነው የሚነበበው።

መጽሐፉን ዘጋው። አክብሮት እንዲህ ያደርጋል። እሷ ለሱ ስትል ከቀኝ ጀመረች፤ እሱ ለሷ ሲል ከግራ ጀመረ። ሁለቱም በጨዋነት ተላለፉ።

ዓርብ ዕለት ጦይባ ዓሣ ጠበሰች። ዴም ውስጥ ክርስቲያንና እስላም አንድ ክፍል ሲኖሩ የእንግዳ ምግብ ዓሣ ነው፤ የማን እጅ አረደው የሚል ጥያቄ የለበትም። ምንዳዬ የሐር መሀረብ አሰረች፤ ፈታችው፤ ደግማ አሰረችው።

«ዓሣው ቀዘቀዘ።»

«ይመጣል።»

«የሚሳፈርበት ርክሻ አጥቶ ይሆናል» አለች ጦይባ። ትንሽ ቆይታ «እግሩንም አጥቶ ይሆናል» አለች።

ጥላው ከግቢው ግድግዳ ላይ እየወጣ ሄደ። ለቅዳሜ ጀበና የሚያለቀልቁ ጎረቤቶች በየበሩ ብቅ እያሉ መሀረቧን አዩ፤ አዘኑ፤ መከሩም። ምንዳዬ ስልኩን አነሳች፤ አስቀመጠችው። እሺ ያለች ልጅ ‹እሺ ማለቴን ሰምተሃል ወይ?› ብላ አትደውልም።

«ሮማውያን እንኳ» አለች በመጨረሻ፣ ድምጿ ትንሽ ተሰብሮ፣ «ለራት ተጠርቶ ለቀረ ሰው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ኸዋጃ ነግረውኛል።»

«ምን ብለው?»

«ምን ምን እንደቀረበት ይዘረዝሩለታል።»

«ጻፊለታ። ‹ዓሣ› በይው» አለች ጦይባ። ከዚያ መቀለዱን ትታ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ሰኞ ጠዋት ምንዳዬ ለኸዋጃ «እመጣለሁ» አለቻቸው። «ጥሩ» አሉ። ያን ቀን ግን ከሰዓት በኋላ ምንም ታሪክ አልጀመሩም።

አያሌው መጽሐፉን ለብቻው አላነበበውም። አንዴ ጀምሮ፣ መልእክተኛው አፉን ሲከፍት ሲያይ ዘጋው። ሸራው ላይ ከጎኑ አስቀመጠው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አነሳው።

«ይሄ ስንት ነው?»

«ተሽጧል።»

«ታዲያ ለምን እዚህ ተቀመጠ?»

አያሌው መጽሐፉን ከተማሪው እጅ ወሰደ። ተሽጧል። የሸጠው ደግሞ ከነአንባቢው ነው። ገዢዋ አገር ጥላ ልትሄድ ነው፤ ሴትየዋ ደጅ እንደቆመች፣ መልእክተኛው ምን እንዳለ ሳታውቅ። ጭሱን ያነደደው ማን ነው ብላ እንቅልፍ ያጣች ልጅ! ይህን ዕድሜ ልኳን አቴና ውስጥ ይዛው ልትዞር ነው። መሄድ መብቷ ነው፤ መጨረሻውን ሳትሰማ መሄድ ግን የነጋዴ ነውር ነው፤ የሱ ነውር።

ሸራውን ለጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ ቡሪ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣ።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ከኋላዋ ግማሹ የታሸገ ሻንጣ ይታያል።

«ደህና ዋሉ?» አለ አያሌው።

እንደገና አንቱ ሆነች። የገረፋት ያህል ተሰማት።

«ደህና። ምን ልታዘዝ፣ ጌታዬ?»

«ዕቃ ላደርስ ነው። መጽሐፍ ከነአንባቢው ሸጬልዎት ነበር። መጽሐፉ አልተጨረሰም።»

«ማን ነው?» አሉ ኸዋጃ ከውስጥ፣ በአረብኛ።

«መጽሐፍ ሻጭ ነው።»

«ይግባ! መጽሐፍ ሻጭ በር ላይ አይቆምም!»

ገባ። ከግድግዳው ፊት ሲቆም ትንሽ ጊዜ ሌላውን ሁሉ ረሳ። ከዚያ በርጩማ ሳበና ተቀመጠ፤ ምንዳዬ ክንዶቿን አጣምራ በሩ ላይ ቆመች። ለኸዋጃ በአረብኛ፣ ለሷ በአማርኛ እያለ አነበበ። መልእክተኛው በመጨረሻ አፉን ከፈተ። ሞተ የተባለው ሰው አልሞተም፤ መንገድ ላይ ነው፤ እየመጣ ነው። ሰውየው መጣ። ሴትየዋ አላመነችውም፤ ያቺኑ ከልጅነት የሚያውቋትን አንዲት ምልክት እስኪያሳያት ድረስ። ዳር የቆሙት ማኅበርተኞች ሁሉንም እናውቅ ነበር አሉ፤ አያውቁም ነበር። ሁሉም ወደ ቤት ገቡ። አለቀ።

ኸዋጃ አልተኙም። ወደ ፊት አዘንብለው፣ የማያይ ዓይናቸው እንባ አዝሎ፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው መቱ።

«እንዲህ ነበር ለካ! አልሞተም!»

«ያውቁት አልነበረም?» አለች ምንዳዬ።

«ድሮ አውቀው ነበር። አሁን መጀመሪያው ሁሉ አለ፤ መጨረሻው ነው የሚጠፋኝ። ሲጠፋኝ እተኛለሁ።» ሳቅ አሉ። «ተኛ ይሻላል፣ ረሳ ከሚባል።»

ምንዳዬ ክንዷ ተፈታ። ወሬ እንደሰማ ሰው «እህ!» ያሉባቸውን ማክሰኞዎች አሰበች።

አያሌው ተነስቶ መጽሐፉን በሁለት እጁ ሰጣት። ስትቀበለው ከውስጡ የደረቀ ቅጠል ወለሉ ላይ ወደቀ። ሁለቱም አዩት።

«አላወጣኸውም?» አለችው።

«ያስቀመጡት እንዲቆይ ብዬ ነው።»

«አይተኸው ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«አይተኸው ነው የቀረኸው? ዓሣ ተጠብሶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ?»

«የምን ዓሣ?» አለ አያሌው። «መጨረሻው ላይ ነው ያደረግሽው እኮ!»

«የማን መጨረሻ?»

«ያንቺ።»

ምንዳዬ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አጣበቀችው።

«እኔ እኮ» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «ያንተ መጀመሪያ ላይ ነው ያደረግሁት።»

አያሌው ቅጠሉን ከወለሉ አነሳው፤ በመዳፉ ይዞ አየው፤ ቀና ሲል ዓይኖቿ እዚያው ነበሩ፤ አሁን የሚያዩት መጽሐፍ አልነበራቸውም።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ ኸዋጃ። «አማርኛችሁ ቆመ።»

ምንዳዬ በአረብኛ ነገረቻቸው፤ ስለ ሽማግሌው መጽሐፍ፣ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ቀኝና ግራው። ኸዋጃ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ከጥቅምት ጀምሮ አብራችሁ ታነባላችሁ?»

«አዎ።»

«የሁለታችሁም ስልክ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«በኛም ተውኔት ሰዎች በምልክት ነው የሚተዋወቁት» አሉ ኸዋጃ። «ግን ምልክቱን ካዩ በኋላ ይጠይቃሉ!» ወደ ድምጿ ዞሩ። «እንግዲህ እኔ ልጠይቅ። ምንዳዬ፣ አቴና ትመጫለሽ?»

ሻንጣውን አየችው። ከዚያ አያሌውን። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ወደ ሌላ አላዞረም።

«‹ቅሪ› በላት እንጂ፣ አንተ!» አሉ ኸዋጃ።

«ቅሪልኝ» አለ አያሌው።

«አልመጣም፣ ኸዋጃ» አለች። አጠገባቸው ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች። «ማን ይንከባከብዎታል ግን?»

ይህን የመለሰችው ጦይባ ናት፤ ዓርብ ዕለት፣ ወሬውን ሁሉ ከሰማችና አያሌውን ስለ ዓሣው በደንብ ከሰደበችው በኋላ። እሱ ሥርዓቱን አሟልቶ በፊቷ ጠይቆ፣ ተፈቅዶለት፣ ላቡን ሲጠርግ፣ ጦይባ ጥርሷን በስንጥር እየጎረጎረች እንዲህ አለች፦

«ያ የአቴናው ወረቀት፤ ስሙ ይቀየራል?»

ተቀየረ። ጊዜ ወሰደ እንጂ በጦይባ ስም ተቀየረ። ከበረራው በፊት ኸዋጃ በምንዳዬ ወገን ሽማግሌ ሆነው ተቀመጡ፤ በሠርጉም ላይ በአረብኛ መረቁ። መጽሐፎቹን አውሮፕላኑ አልችል አለ፤ ጥቂት ይዘው ሌላውን ለሙሽሮቹ ተዉላቸው። ግሪክኛ ማንም አያነብም። አቧራቸው ግን ይጠረጋል፤ ቅጠላቸውም ይቀየራል።

አሁን በበረንዳው ሥር ሸራው ሰፍቷል፤ በቀኝ የአረብኛ፣ በግራ የአማርኛ መጽሐፍ ይሸጣል። ዓርብ ዓርብ ወደ አቴና ስልክ ይደወላል።

«የት ደረሳችሁ?» ይላሉ ኸዋጃ።

«ሮማውያን ጋ።»

«ምሳ በልታችኋል?»

«በልተናል።»

«ያላ፣ ቀጥሉ።»

አያሌው ያነባል። ምንዳዬ ስልኩን መሐላቸው ታደርጋለች። አንድ ዓርብ፣ ታሪኩ መሐል ላይ እንደደረሰ፣ ከባሕሩ ማዶ ማንኮራፋት ተሰማ።

«ተኙ» አለች ምንዳዬ። «ጦይባ፣ እንዝጋው?»

«ምኑን ነው የምትዘጉት?» አለች ጦይባ። «ያ ሰውዬ ደብዳቤው ደረሰው ወይስ አልደረሰውም?»

አያሌው ገጹን ገለጠ።